ስልሳ ሦስት ጊዜ «አዎ»

ወንድሜን ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም «ጆሮ» ይለዋል፤ ከሱ የሚያንሱት ደግሞ አክብሮት ጨምረው «ጋሼ ጆሮ» ይሉታል። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ «ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ። እሱ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሁለት ልጅ አሳድጌ፣ ዛሬም «ሚጡ» ነው የሚለኝ።

እዚያው ጋራዥ መግቢያ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ቁልፍ አስረክባለሁ። እዚህ ሥራ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ይህን የምናገረው ወሬ ለቃቅሜ ሳይሆን ጉዱ መሃል ተቀምጬ ነው። መሃሉ ተቀምጬም አላየሁትም፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ስሙን ያገኘው በሃያ ዓመቱ ነው። መኪና ሥር ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ የጭነት መኪና በመንገዱ ያልፋል። ካለበት ሳይወጣ «ይሄ ሰውዬ ሦስተኛው ሲሊንደሩ ታሟል፤ ዳገቱን አይጨርስም» አለ። ሳቁበት። ሰዓት ሳይሞላ ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ በእግሩ መጣና መኪናው ዳገቱ ላይ እንደቆመበት ተናገረ። ሲፈቱት ሦስተኛው ሲሊንደር ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን የወጣለት ስም ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተጣብቆበት ቀረ።

ጋራዡ ውስጥ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ከተጻፈው ይበልጥ ይከበራል። ማንኛውም መኪና ተጠግኖ ከመውጣቱ በፊት ኮፈኑ ይከፈትና ሞተሩ ይነሳል። አንዱ «ጆሮ ሊሰማ ነው» ይላል። ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል፣ ግራይንደሩ ይቆማል፣ መዶሻ የያዘም እጁን ያወርዳል፣ እኔም ስልክ ላይ ከሆንኩ ደንበኛውን «አንዴ ይታገሱኝ» እላለሁ። ወንድሜ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ራሱን ከነቀነቀ መኪናው ይወጣል፤ እኔም ቅጹ ላይ «በድምፅ ተፈትሿል» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። እሱ የሰማውን ሌላ ሰው ዳግመኛ አያዳምጥም። አንድ አዲስ ሜካኒክ ከሱ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ሊያዳምጥ ሲሞክር አለቃችን «ዳኛ ከፈረደ በኋላ ነው የምትመሰክረው?» ብሎ በሰው ፊት አሳፈረው። ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም።

ከዚያ ሃይብሪዶቹ መጡ። የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አንድ ላይ የያዙ መኪኖች ናቸው፤ የትኛው መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ሹፌሩ ሳይሆን ሆዳቸው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው። ሲነሱ ድምፅ የሚባል የላቸውም። የመጀመሪያው የገባ ቀን እንደ ወጉ ሁሉም ዝም አለ፣ ወንድሜ ዐይኑን ጨፈነ፣ ቆየ፣ ቆየና «ሚጡ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ፍሪጅ?» አለኝ። ጋራዡ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ከሱ ዕድሜ እኩዮች ብዙዎቹ «እንኳን አረጀን» ብለው እጃቸውን አጣጠፉ። እሱ ግን መነጽር አስገዝቶኝ ላፕቶፕ ፊት ቁጭ አለ። በሁለት ጣት እየለቀመ፣ እኔን «ይሄ ፊደል የት ነው የተደበቀው?» እያለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሃይብሪድ ኮምፒውተር እንደሱ የሚያነብ ጠፋ። ኮራሁበት። በሰፈሩ ለማይጠይቀኝ ሰው ሁሉ ሳይቀር አወራሁለት።

ባለቤቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፋት። ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠራው ቶሎ አይዞርም፤ ስልኩ ሲጮኽ አያነሳም፤ ቴሌቪዥኑን ግድግዳ እስኪንቀጠቀጥ ይከፍታል። ሁላችንም ሐዘን ነው አልን። «ሐዘን ሰውን ያፈዛል» ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ከባለቤቱ ሞት በፊትም እንደዚያው እንደነበር አሁን አሁን እየታወሰኝ ነው።

የዛሬ ሦስት ወር ገደማ አስመጪው ድርጅት ደብዳቤ ላከ። የአንድ ዓይነት ሃይብሪድ መኪኖች በሙሉ እየተጠሩ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተራቸው ሶፍትዌር አፕዴት ይደረግ ይላል። አፕዴቱ ሁለት ነገር ያስተካክላል። አንደኛው፣ መኪናው ከኤሌክትሪክ ወደ ቤንዚን ሲሻገር አንዳንዴ ግራ ተጋብቶ መንገድ ላይ ቀጥ የሚለውን ነው። ሁለተኛው የድምፁ ነገር ነው። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ስለማይሰማ ሰው ላይ ሳያስበው ይደርስበታል፤ ስለዚህ ከፊት ግጭት መከላከያው፣ ከፓራውልቱ ሥር ተገጥሞ እስካሁን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ትንሽ ስፒከር አፕዴቱ ያስጮኸዋል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ድርጅቱ የላከው አሰልጣኝ አንድ ቀን መጥቶ ለሜካኒኮቹ አሳይቷቸዋል። መጀመሪያ ትንሿ ባትሪ ላይ ኃይል መጋቢ ይታሰራል፤ መሃል ላይ ኮረንቲ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ አይነቃም። ከመሪው ሥር ገመድ ይሰካና ላፕቶፑ ላይ አንዲት መስመር ቀስ በቀስ ትሞላለች፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። እስክትሞላ በር የሚከፍት የለም። ከዚያ መኪናው ይጠፋል፣ ሁለት ደቂቃ ይጠበቃል፣ እንደገና ይነሳና ሁለት ሦስት ሜትር ይነዳል። በመጨረሻ ላፕቶፑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «የማስጠንቀቂያው ድምፅ ተሰምቷል?» ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፤ «አዎ» እና «አልተሰማም»። ኮምፒውተሩ ሶፍትዌሩ መግባቱን ያውቃል፤ ስፒከሩ በእርግጥ መጮኹን ግን አያውቅም። ለዚያ የሰው ጆሮ ያስፈልገዋል።

አለቃችን ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «የሰው ጆሮ ከሆነ የፈለጉት፣ እኛ ጋ ሞልቷል» አለ።

ወንድሜ በሁለት ወር ውስጥ ስልሳ ሦስት መኪና ሠራ። ስልሳ ሦስት ቅጽ መጣልኝ፣ ስልሳ ሦስቱም ላይ «ተሰምቷል» ብዬ ምልክት አደረግሁ። ቁልፍ ሳስረክብም ለእያንዳንዱ ደንበኛ «ከእንግዲህ መኪናዎ ሲንቀሳቀስ ሰው ይሰማዋል፤ በሰላም ይንዱ» እል ነበር። ማን በይ አለኝ?

ሰኞ ጠዋት አንዲት ደንበኛ መጣች። የአንደኛ ደረጃ መምህር ናት፤ መኪናዋን የዛሬ ሦስት ሳምንት አፕዴት አድርገንላታል። ሁልጊዜ ተጫዋች ነበረች። ያን ቀን ግን ሰላም ሳትለኝ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ሐሙስ ዕለት ከግቢ ወደኋላ ስወጣ አባቴን ገጨሁት» አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«አበባ ሲያጠጣ ጎንበስ ብሎ ነበር። በመስታወት አይቻለሁ፣ አልታየኝም። ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ዳሌው ተሰብሯል። ወንድሞቼ የሚሉኝን ተዪው፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እኔ ግን ቀስ ብዬ ነበር፣ በጣም ቀስ ብዬ። እየጮኸ ነው፣ ይሰማዋል ብዬ ነበር። ይሰማዋል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

የሷን ቅጽ ከማኅደሩ ፈልጌ አወጣሁ።

«ካሳ ፍለጋ አልመጣሁም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። መኪናው ጮኋል ወይስ አልጮኸም? ጮኾ ከሆነ አባቴ ሰምቶ ሳይሸሽ ቀርቷል ማለት ነው፤ አለዚያም እኔ ከመጠን በላይ ፈጥኛለሁ። ክፍሉ ገብቼ መቀመጥ አቅቶኛል። ምግቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ፊቱን ሳላይ እወጣለሁ። እውነቱን ካወቅሁ ምናልባት ቁጭ ማለት እችል ይሆናል።»

አለቃችን ከቢሮው ወጣ። ቅጹን አገላበጠና በኩራት ምልክቴን አሳያት። «ጆሮ ሰምቶታል። እሱ ሰማሁ ካለ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ብልሽት ካለ እናያለን።»

መኪናውን ግቢ ውስጥ አስነሳነው። ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ሄደ። ጸጥ። ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ብቻ ይሰማል። ወንድሜ ካቻቪቴውን ይዞ መጥቶ ፓራውልቱን ፈታ። የስፒከሩ ማገናኛ በዝገት አረንጓዴ ሆኗል፤ ውስጡ ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። አለቃችን «ውሃ ገብቶበታል፤ ሰሞኑን ነው» አላት። ወንድሜ ማገናኛውን በመዳፉ ይዞ አገላበጠው። እኔ ሜካኒክ አይደለሁም፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝገት ሳይ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ዝገት በሦስት ሳምንት አይበቅልም። የወንድሜ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

መምህርቷ መኪናዋን ትታ በእግሯ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ሌላ ሃይብሪድ፣ አፕዴቱን የጨረሰ፣ ከመሥሪያው ሊወጣ ነው። የሚነዳው ሰው የጋራዡ መኪና አጣቢ ነው። ስፒከሩ ይጮኻል፤ ጠርሙስ አፍ ላይ ቀስ ብለው ሲያፏጩ የሚወጣ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው። መስታወት ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እንኳ ይሰማኛል። ሜካኒኮቹ ቀና ሳይሉ ወደ ጎን ወደ ጎን ይሉለታል። ወንድሜ ለመኪናው ጀርባውን ሰጥቶ ከፊቱ ይሄዳል። መኪናው ተጠጋ። እሱ መንገዱን ቀጠለ። መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው አጣቢው ፍሬን ያዘና «ጋሼ ጆሮ፣ ዛሬ መንገዱን ገዛኸው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ወንድሜ አልዞረም። ጥላውን መሬት ላይ ሲያይ ነው ዞር ያለው።

ልቤ ያሰበውን አፌ ሊለው አልፈለገም።

የቅጹን ማኅደርና የቁልፉን ቀለበት እንደያዝኩ ተነስቼ ተከተልኩት። ዘይትና ፍሬን ሸራ ወደምናስቀምጥበት መጋዘን ገባ፤ በሩን ዘጋሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መደርደሪያ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ቀስ ብዬ «ወንድም ጋሼ» አልኩት። ደገምኩ። ምንም። የደንበኞች ቁልፍ የታሰረበትን ትልቁን ቀለበት ሲሚንቶው ላይ ለቀቅሁት፤ ሃያ ምናምን ቁልፍ ተንኳኳ፣ የኔ ጆሮ ጭው አለ። እሱ የዘይት ቆርቆሮ አንስቶ ጽሑፉን ያነባል።

ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አየኝና ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ድምፅ ሳላወጣ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ «መስማት ካቆምክ ስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት።

«አራት ዓመት» አለኝ።

ከዚያ ድምፅ እንዳላወጣሁ ከፊቴ ገባው። ቆርቆሮውን አስቀመጠና መደርደሪያውን ተደገፈ። ነገር በዐይን ይገባል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በዚህ ዓይነት አላውቀውም ነበር። የፍሬን ሸራ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«ሙሉ በሙሉ አይደለም» አለ፤ ድምፁ እንደ ልማዱ ከፍ ያለ ነው። «ወፍራሙን እሰማለሁ። የናፍጣ ሞተር ዛሬም አያመልጠኝም። ቀጭኑ ነው የሄደው። ወፍ፣ የስልክ ጥሪ፣ የልጅ ድምፅ። አንድ ክረምት ሙሉ ቤቴ ትንኝ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ትነክሰኛለች ግን።»

ልስቅ ነበር።

«አሰልጣኙ የመጣ ቀንስ?»

«አሰልጣኙ የመጣ ቀን መኪናውን ነዳውና ‹ተሰማ?› አለ። አሥራ አንዳችንም ‹ተሰማ› አልን። አሥሩ ሰምተው ነው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ሚጡ፣ ጆሮ የሚባል ሰው ‹አልሰማሁም› ብሎ ማን ሊባል ነው?» አለኝ። «ለመጀመሪያዋ መኪና ብቻ ነበር ያሰብኩት። ነገ ለአንዱ እነግራለሁ፣ እሱ ይስማልኝ ብዬ። ነገ ሁለተኛዋ መጣች። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።»

«ስልሳ ሦስቱንም?»

«አንዷንም አልሰማሁም።»

እጄ ላይ የነበረውን የቅጽ ማኅደር ደረቱ ላይ ወረወርኩት። ወረቀቱ መጋዘኑን ሞላው፤ ሁሉም ላይ የኔ ምልክት። የሰው አባት አስሰበርክ አልኩት። እኔን ደግሞ የማላውቀውን ቃል አስገባኸኝ፣ «ሰው ይሰማዋል» እያልኩ በጥርሴ እየሳቅሁ ስልሳ ሦስት ሰው ሸኘሁ አልኩት። ብዙ አልኩት፤ ግማሹን ፊቴን አዙሬ ስለተናገርኩ አልሰማውም። እሱ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን እየለቀመ በቁጥራቸው መሠረት መደርደር ጀመረ። ስድቤን ስጨርስ እኔም ተንበርክኬ አብሬው ለቀምኩ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት።

አንድ ላይ ሆነን አለቃችን ቢሮ ገባን። ወንድሜ ራሱ ተናገረ፤ ቆሞ፣ ፊቱን ሳያዞር። አለቃችን መጀመሪያ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ለረጅም ጊዜ ወንድሜን ሳይሆን ጆሮዎቹን ነበር የሚያየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያቸው ይመስል።

በመጨረሻ «መኪኖቹ በሙሉ ይጠሩ» አለ። «ምክንያት አትናገሪ፤ ‹ለተጨማሪ ፍተሻ› በይ። መምህርቷን በተመለከተ ማገናኛው ሰሞኑን ተበላሸ ብያታለሁ፣ እሱው ይበቃታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ከማግስቱ ጀምሮ ስልክ ላይ ተጣድኩ። መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። ወንድሜ ይነዳል፤ እኔ ፓራውልቱ አጠገብ ቆሜ አዳምጣለሁ። ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል፣ ግራይንደሩ ይቆማል፣ ግን «ጆሮ ሊሰማ ነው» የሚል የለም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። የሰማሁ እንደሆነ አውራ ጣቴን አነሳለታለሁ። እስከ ዓርብ ማታ ሠላሳ ስምንት አዳመጥኩ። ሦስቱ ዲዳ ነበሩ። አንደኛው ልጆች ወደ መዋያ የሚያመላልስ ነው። እሱ የመጣ ቀን ውጭ ወጥቼ፣ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እያሰብኩ፣ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሜ ቱታውን አውልቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«የመምህርቷን አድራሻ ስጪኝ» አለ።

«አለቃ ምን እንዳለ ረሳህ?»

«አልረሳሁም። አፉን እያየሁ ነበር።»

ብቻውን ቢሄድ የምትለውን እንደማይሰማት ገባኝ። ክፍሌን ቆልፌ አብሬው ሄድኩ።

ቤቱ ትንሽ ግቢ ያለው ነው። የአበቦቹ መደብ መኪና ከሚወጣበት በር አጠገብ ነው፤ ውሃ ማጠጫው አደጋው በደረሰበት ሐሙስ የወደቀበት ቦታ እስካሁን ተጋድሞ ነበር፣ ማንም አላነሳውም። መምህርቷ በሩን ከፈተች። ስታየን ወረቀት ያመጣን መሰላት መሰለኝ፤ እጇን ዘረጋች።

ወንድሜ «እህቴ፣ ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ። እዚህ ልበለው ወይስ አባትሽ ባሉበት?» አላት።

ትንሽ አሰበች። «ወንድሞቼ የሰደቡኝ እሱ ፊት ነው» አለች። «አንተም እሱ ፊት በለው።»

አዛውንቱ መስኮቱ አጠገብ አልጋ ላይ ተጋድመዋል፣ ከጀርባቸው ሁለት ትራስ ተደግፎላቸዋል። «አባባ፣ እንዴት ዋሉ? ሕመሙ ቀለል አለልዎት?» አልኳቸው ወንበሩን እየሳብኩ። «አዎ፣ አዎ፣ ቅዳሜ ነው» አሉኝና ፈገግ አሉ። መድኃኒቱ ነው ያደነዘዛቸው ብዬ አለፍኩት። መምህርቷ በሩ ሥር ቀረች፤ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልጨመረችም።

ወንድሜ አልጋው ፊት ለፊት ቆሞ፣ በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ ሁሉንም ተናገረ። ጆሮው ከሄደ አራት ዓመቱ መሆኑን፣ መኪናዋ አፕዴት የተደረገች ቀን ጮኻ እንደሆነ እንደማያውቅ፣ ሳይሰማ «አዎ» ብሎ እንደተጫነ፣ ማገናኛው የዛገው ሰሞኑን ሳይሆን ከዓመት በፊት መሆኑን። «አልጮኸችም» አለ። «ልጅዎ አላጠፋችም። ጥፋቱ የኔ ነው። ወንድሞቿንም ጥሩልኝና ለነሱም እናገራለሁ።»

መምህርቷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የበሩን መቃን በሁለት እጇ ያዘች። «ዘጠኝ ቀን» አለች በቀስታ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ እግሬን ነበር የምጠረጥረው። ነዳጅ ረግጬበት ይሆን እያልኩ።» ከዚያ «ውሃ ላምጣላችሁ» አለችና ወጣች። ሰው በዚያ ሰዓት ለእንግዳ ውሃ ማምጣት ትዝ ይለዋል?

እሷ ስትወጣ አዛውንቱ ወንድሜን በእጃቸው ጠሩት። ጠጋ ሲል እጁን ያዙት። ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህን ያህል ራስህን አትጉዳ» አሉት። «ብትጮኽም አልሰማትም ነበር። ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እኔም ሰው የሚለኝን ከፊቱ ነው የማነበው። ለሷ ግን እንዳትነግሯት። ካወቀች ብቻዬን ከበር አታስወጣኝም።»

ቅዳሜ ነው ያሉኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድሜን አየሁት። ያ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ያልሰማውን ነገር ራሱን ነቅንቆ ነው የሚያሳልፈው፤ እዚህ ጉድ ላይ ያደረሰንም ያው ነቅናቃ ራሱ ነው። አሁንም ይነቀንቅና እንወጣለን ብዬ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲነቀንቅ ተመኝቼም ነበር።

አልነቀነቀም። እጁን ጆሮው ጀርባ አድርጎ ወደኔ ዞረ።

«ምን አሉ?» አለኝ። «አልሰማሁም።»

ሰው ፊት ይህን ቃል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ተነስቼ አፌን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ከትከሻው በላይ በሩ ይታየኛል፤ መምህርቷ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመልሳለች። አዛውንቱም አይተዋታል። ከትራሳቸው ቀና ብለው ዐይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ፤ እባክሽ የሚል ዐይን ነው። ልዋሽ እችል ነበር። ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «አይዞህ ነው የሚሉህ» ብል ማን ይጠይቀኛል? ከዚያ ያ የወደቀው የውሃ ማጠጫ ትዝ አለኝ። ከአልጋው ሲነሱ ተመልሰው የሚቆሙት እዚያው መኪና መውጫ ላይ ነው።

«ብትጮኽም አልሰማትም ነበር ነው የሚሉህ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል። «እሳቸውም አይሰሙም። ሁለት ዓመታቸው ነው።»

አዛውንቱ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ወንድሜ እጃቸውን አልለቀቀም።

መምህርቷ ወደ ክፍሉ ገባች። ብርጭቆዎቹን መድኃኒቱ ካለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። የአባቷን ትከሻ ነካ አደረገች፣ ዐይናቸውን እስኪገልጡ ጠበቀች፤ ከዚያ ወንበር ስባ አፏ በሚታያቸው በኩል ተቀመጠች።